ባህር ሸሽ

እንደምን ሰነበታችሁ? ጎንደር ነኝ፣ ማራኪ ሰፈር፣ ያው ከጠባቧ ክፍሌ። ከኋላ የሚሰማችሁ የጎረቤት ጀነሬተር ነው፤ መብራት የለም። ውሃም ከመጣ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። በዚህ ሁኔታ ስለ ሐይቅ ዳር ቤት ማውራት ቅንጦት ሊመስላችሁ ይችላል። ለኔ ግን ምኞቱ የመጣው ከባዶ በርሜል ነው።

ሁለት ዓመት ፈለግኩ። መንገዱ ሰላም በሆነ ቅዳሜ ከአዘዞ መኪና ይዤ፣ በቆላድባ፣ በጯሂት አድርጌ ጣና ዳር ጎርጎራ። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጎርጎራው ሪዞርት መሠራት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ደላላው በዝቷል። አንዱ ግንቦት ላይ ወሰደኝና ሜዳ አሳየኝ። ምን ዓይነት ሜዳ! ለጥ ያለ፣ ሣሩ ገና ለምለም፣ ውሃው እዚያ ማዶ ያብለጨልጫል። «ጋሼ፣ እዚህ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለህ ቡናህን ስትጠጣ» አለኝ። በረንዳው ታየኝ። ቡናውም ሸተተኝ።

አንድ ሽማግሌ ከብት ይዘው ያልፉ ነበር። ቆሙ።

«ልጄ፣ ቤት ልትሠራ ነው?»

«አዎ አባት።»

«መስከረም ላይ አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«ይኼ እኮ ባህር ሸሽ ነው» አሉና ከብታቸውን ነዱ። ደላላው ወዲያው ስልክ ተደወለለት።

ባህር ሸሽ፣ ለማታውቁት፣ ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ተከትሎ የሚያርሰው መሬት ነው። ክረምት ሲመጣ ባለቤቱ ይመለሳል። ባለቤቱ ጣና ነው።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጣና ድስት አይደለም፣ ምጣድ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። በዓመት ውስጥ ውሃው ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ገደል ላይ ከሆንክ ሜትር ተኩል ምንም አይደለም። እንደ ደንቢያ ባለ ሜዳ ላይ ግን ያቺ ሜትር ተኩል ተንደርድራ ስንት ማሳ ትሄዳለች። ነሐሴ 1998 ደንቢያና ፎገራ ላይ ጎርፍ የሠራውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ1995 ደግሞ ተገላቢጦሽ ነበር፤ ውሃው ከመሸሹ የተነሳ ጀልባዎች ቆሙ፣ ሰው የሐይቁን ወለል አረሰ። በዚያ ዓመት መሬት የገዛ ሰው ቢኖር አስቡት።

መግዛት ስል ደግሞ... የገጠር መሬት አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ነው፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ደላላው «ደብተር አለው» ሲላችሁ ደብተሩ ገበሬው እንዲጠቀምበት ነው እንጂ ለእናንተ እንዲሸጥላችሁ አይደለም። ከተማ ክልል ውስጥ ከሆነ ሊዝ አለ፣ ለመኖሪያ 99 ዓመት። ይኼን ለማወቅ የሁለት ቀን የቢሮ ወረፋ ከፍያለሁ። ሌላ ቀን አወራዋለሁ፣ አሁን ደሜ ይፈላል።

መስከረም ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ደላላው የቆመበት ቦታ ላይ አንድ ሰው በታንኳ እየቀዘፈ ነበር። የደንገል ታንኳ። በረንዳዬ ላይ፣ በሉት።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተቀየረ። ቦታ ሳይ መጀመሪያ አፈሩን እረግጣለሁ። ዋልካ ከሆነ አልቆይም፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ያብጣል፣ ግድግዳ አይምርም። ቀጥዬ ዳርቻውን አያለሁ። ደንገልና ጭቃ ከሆነ ወባ አለ፣ ልጆች ከዋኙ ቢልሃርዝያ አለ፣ ማታ ሣር ሊግጥ የሚወጣ ጉማሬም አለ። በመገጭ ወንዝ አፍ በኩል ደግሞ እምቦጭ አረም። ዛሬ ውሃ ያያችሁበት መስኮት፣ ነፋስ ከዞረ ነገ አረንጓዴ ምንጣፍ ያሳያችኋል። አበባው ወይን ጠጅ ነው፣ ያምራል። አስጠሊታ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር።

እዚህ ጋ ነገሥታቱ ትዝ ይሉኛል። መናገሻህ በ«ገ» የሚጀምር ቦታ ይሆናል ተብሎ ነበር ይባላል። ጉዛራ ተሞከረ። ጎርጎራም ተሞከረ፣ ሱስንዮስ ሐይቁ ዳር ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ልጃቸው ፋሲል ግን በ1628 ወደ ላይ ወጡና ጎንደርን ቆረቆሩ። አፈ ታሪኩ ጎሽ ተከትለው ነው ይላል። እኔ ወባዋን እጠረጥራለሁ። ከጣና ጎንደር 300 ሜትር በላይ ከፍታ አለ፤ ትንኟ ዳገት አትወድም። ንጉሥ ሆኖ ሐይቅ ዳር ያልተቀመጠ ሰው አንድ ነገር አይቷል ማለት ነው።

ባለፈው ወር ታዲያ ጎርጎራ ከተማው ውስጥ አንድ ቤት አየሁ። ዳር አይደለም። ኮረብታው ላይ ነው፣ ድንጋያማ፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮው ዝጓል። ከደጁ አንድ ዋርካ አለ። በቅርንጫፎቹ መሀል ሐይቁ ይታያል፣ ሙሉው አይደለም፣ ቁራጩ። ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ይሸበሸባል።

የቤቱን ባለቤት «እናቴ፣ ውሃ አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ቁልቁል ጣናን አዩ፣ ከዚያ ሳቁ።

«ሞልቶ! ማን ይሸከመዋል ነው እንጂ።»

ከዘጠነኛ ቀን ደረቅ ቧንቧ ሸሽቼ ቁልቁለት ወርጄ ውሃ ልቀዳ ነው እንግዲህ። ቢሆንም ተከራየሁት። አልገዛሁም፣ ልብ በሉ፤ ለዓመት ነው የተከራየሁት። ክረምቱን እዚያው አሳልፌ፣ ጣና የት ድረስ እንደሚመጣ በዓይኔ ካላየሁ አንድ ብር ቀብድ አላወጣም።

ባለቤቴ አጎበር ገዝታለች። እኔ ሁለት ጀሪካን።