ሰው ያለ መንግሥት ይኖራል?

ሂሩት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬም ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነን። ከበረከት ጋር ሰሞኑን ስንከራከርበት የከረምነውን ጉዳይ ማይክ ፊት እናወጣዋለን። የሰው ልጅ ያለ መንግሥት መኖር ይችላል? እሱ ይችላል ባይ ነው።

በረከት፦ ይችላል ብቻ አይደለም፣ እየኖረ ነው። በከተማው ዳርቻ ያሉትን የጨረቃ ቤቶች ተመልከቺ። ሰው በመንደር ውል ቦታ ገዛ። ሌሊት ቆርቆሮ መታ። ከዚያ ተዋጥቶ መንገዱ ላይ ገረጋንቲ አስደፋ። መብራቱን ከአንድ ቆጣሪ በእንጨት ምሰሶ እየተቀባበለ አስገባ። እድር አቋቋመ፣ ድንኳን ገዛ፣ ዘበኛ ቀጠረ። ማንም አላዘዘውም። የሞተው ይቀበራል፣ የተጣላው ይታረቃል።

ሂሩት፦ ይሄን አልክድም፤ የማደንቀው ነገር ነው። ግን ሻጩ ያንኑ ቦታ ለሁለት ሰው ሸጦት ቢገኝስ? ሁለቱም ውል ይዘዋል፣ ሁለቱም ምስክር አላቸው።

በረከት፦ ሽማግሌ ይቀመጣላ።

ሂሩት፦ ሻጩ ብሩን ይዞ ከሰፈር ከጠፋስ? ፍርድ ቤት ብትሄድም አያዋጣህም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የያዝከው ወረቀት ከመነሻውም ሕግ ፊት አይቆምም።

በረከት፦ እሱማ ለኔ ነው የሚመሰክረው! ሰውየውን እዚያ ጣጣ ውስጥ የከተተው ማን ሆነና? ቤት ለሚፈልግ ደሃ ሕጋዊውን በር አጠበበበት። ካርታ ነፈገው። ቆይቶ ዶዘር ላከበት። አንድ ቤተሰብ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመው በአንድ ጠዋት ፍርስራሽ ሲሆን እያየሁ መንግሥት ያስፈልጋል ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም።

ሂሩት፦ ልክ ነህ፣ ያንገበግባል። ለዶዘሩ ጥብቅና ልቆም አልመጣሁም። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የእድር ጉልበቱ ምንድነው? ለምንድነው ሰው የሚፈራው?

በረከት፦ ይሉኝታ ነዋ። ነገ ማን ይቀብረኛል የሚለው።

ሂሩት፦ አዎ። ስለዚህ ጉልበቱ የሚሠራው ነገም እዚሁ በሚኖር ሰው ላይ ነው። እኛ ብሎክ የሆነውን ታስታውሳለህ። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ሌሊት። ሰው ጀሪካኑንና በርሜሉን ደርድሮ ሲጠብቅ ያድራል። ምድር ቤት ያለው ተከራይ መስመሩ ላይ ፓምፕ ገጠመና ሁሉንም ወደ ራሱ ይስብ ጀመር። አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት ቧንቧቸውን ከፍተው የሚሰሙት የአየር ድምፅ ብቻ ነበር። ትልልቅ ሰዎች ሄደው ለመኑት። በሩን እንኳ በደንብ አልከፈተላቸውም። እድርተኛ አይደለም፣ ዘመድ የለውም፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ቤቱን ለቆ ሄደ። ይሉኝታ ሥር ያልሰደደን ሰው አይዝም። እዚህ ዳር አገር ደግሞ ግማሹ ተከራይ ነው፤ ባለቤቱም ዕጣ ያገናኘው ነው።

በረከት፦ ይሄኛው ነጥብ ከባድ ነው፤ አልሸሸውም። ግን ውኃን ራሱ ላንሳልሽ። ቦረና ሄደሽ ጥልቅ የኤላ ጉድጓዶቹን ብታዪ፣ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስይዘው አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው ነው። በዚያ በረሃ፣ ውኃ ማለት ነፍስ በሆነበት አገር፣ ያለ ፖሊስ ተራ ይከበራል።

ሂሩት፦ ይከበራል። ምክንያቱም ከበስተጀርባው ገዳ አለ። ሥልጣን በ8 ዓመት የሚተላለፍበት፣ ሕግ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ የሚታይበት፣ ጥፋተኛ የሚቀጣበት ሥርዓት ነው። ቢሮና ማኅተም ስለሌለው መንግሥት አይደለም እንበል? ለኔ ነው።

በረከት፦ እንደሱ ከሆነማ ሁሉንም መንግሥት ልትዪው ነው። እኔ መንግሥት የምለው ከላይ ሆኖ የሚያዝ፣ ጠመንጃና እስር ቤት ያለውን ነው። ድሮ እኮ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለው ሌላው ቀጥ ይላል። ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ አቋጥረው ዳኛ ፍለጋ ይሄዳሉ። መንገደኛ ካገኙም ዛፍ ሥር አስቀምጠው ፍረድልን ይሉታል። እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል ይባል የለ? ወታደር አላስፈለጋቸውም።

ሂሩት፦ እኔም የምወደው ታሪክ ነው። ግን ሁለቱ ሰዎች ከመንገደኛው በላይ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ እንዳለ ያውቃሉ፤ እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ። ያ ዙፋን ባዶ ሆነ ሲባል የሚመጣውን ደግሞ ታሪክ ያሳየናል። ምኒልክ ታኅሣሥ 1906 ሲያርፉ ቤተ መንግሥቱ ሞታቸውን ደበቀ። ለምን? ንጉሥ የለም ከተባለ አገር እንዳይታመስ ነዋ።

በረከት፦ ሶማሊያንስ ምን ልትያት ነው? እ.ኤ.አ. በ1991 ሲያድ ባሬ ከወደቀ በኋላ ለዓመታት ማዕከላዊ መንግሥት አልነበራትም። ግን ስልክ ነበር። ሐዋላ ይሠራ ነበር። ከብት ወደ ውጭ ይላክ ነበር። ሽማግሌዎች ሔር በሚሉት ባህላዊ ሕጋቸው ደም ያስታርቁ ነበር።

ሂሩት፦ ነጋዴው እንደሠራ አምናለሁ። ግን በዚያው ዘመን መጀመሪያ ላይ ያለቀውን ሕዝብ አትርሳ። ረሃቡ የገደለው ድርቁ ስለከፋ ብቻ አልነበረም፤ እህሉን ታጣቂ ይዘርፈው ነበር። የውጭ መርከብ መጥቶ ዓሣቸውን ሲያግዝስ ለማን አቤት ይባላል? አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሰሜን ሶማሊያ፣ ሶማሊላንድ በሚባለው በኩል ያሉ የጎሳ ሽማግሌዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ቦረማ ላይ ተሰብስበው ለወራት መከሩ። ጦርነት ያንገሸገሻቸው፣ ያለ መንግሥት መኖርን በራሳቸው ሕይወት ያዩ ሰዎች ናቸው። እርቅ አወረዱ። ከዚያ ምን ሠሩ? መንግሥት። ፕሬዚዳንት መረጡ፣ የሽማግሌዎቹን ጉባኤ ደግሞ በምክር ቤትነት አስገቡት።

በረከት፦ ይሄ በደንብ ያሳስበኛል። ግን ልብ በይ፣ ሽማግሌው ቀደመ፣ መንግሥት ተከተለ። ከላይ የመጣ አልነበረም።

ሂሩት፦ እሱን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ።

በረከት፦ እሺ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች መሀል የሚቆም ዳኛ ያስፈልጋል እንበል። ዳኛው ራሱ ሲበድልስ? «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ስንል የኖርን ሕዝብ ነን።

ሂሩት፦ እኔም የምፈራው እሱን ነው። ቦረናዎች አባ ገዳው ካጠፋ 8 ዓመቱ እስኪሞላ አይጠብቁም፣ ከሥልጣኑ ይነቅሉታል። የማትከሰው ዳኛ ከመጣ ከዳኛ አልባውም ይብሳል። ቤቱ የፈረሰበት ሰው የሚጮኸውም እኮ ቤቴ ፈረሰ ብቻ ብሎ አይደለም። የት ልክሰስ ነው የሚለው።

በረከት፦ ከትንሹ እንጀምረው ካልሽ፣ የኛ ኮሚቴም ሂሳብ ካቀረበ ቆይቷል። ለዘበኛ፣ ለጽዳት፣ ለፓምፕ ጥገና በየወሩ እንከፍላለን።

ሂሩት፦ እሁድ ስብሰባ አለ አይደል?

በረከት፦ አለ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ።

ሂሩት፦ እንግዲያው ደረሰኞቹ ይምጡ ብለን አብረን እንጠይቅ።

በረከት፦ ኦዲተርም ከነዋሪው ይመረጥ። ከኮሚቴው ጋር ዝምድና የሌለው።

ሂሩት፦ ተከራዮችም ድምፅ ይኑራቸው። እሱን እኔ አነሳዋለሁ። አድማጮች፣ እናንተ ሰፈር ኮሚቴውን ማነው የሚቆጣጠረው? ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ክፍል እናነበዋለን።