ውሻችን ሲከተብ ቀይ ቀበሮም ይተርፋል

(በዓለም አቀፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በመሐል ሜዳ ለመንዝ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ውሾቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ? እንኳን ለመስቀል በዓል አደረሳችሁ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የቆምኩት ስለ ቀይ ቀበሮ ልነግራችሁ ነው። ግን ብዙ የማወራው ስለ ውሻ ነው። ቀበሮውን ዛሬ ከጥይት በላይ የሚያሰጋው ከየቤታችን የሚወጣው ያልተከተበ ውሻ ስለሆነ።

ስለ ጓሳ፣ ስለዚህ የመንዝ የሣር ደጋችሁ፣ ለእናንተ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። አባቶቻችሁ 400 ዓመት ገደማ ጠብቀውታል። ሣሩ እንዲያገግም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። ሲከፈት ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለገሳው የሚሆነውን ሁሉም በደንቡ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ የድሮው ሥርዓት ፈረሰ። እናንተ ግን ኮሚቴ አቋቁማችሁ ጥበቃውን መልሳችሁ አቆማችሁት። ስንቱ ደጋ ታርሶ ባለቀበት ሀገር ጓሳ እስከ ዛሬ ጓሳ የሆነው በእናንተ ነው። ይህን በሄድኩበት ሁሉ በኩራት እናገራለሁ።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። እዚህም ቢሆን ለአካለ መጠን የደረሱት 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በእናንተው ጓሳ ተበታትነዋል። ጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ ጠፍቷል። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ጎሽ ሜዳ ላይም ጠፍቷል።

«በግ ይበላብናል» የሚል አለ። አልፎ አልፎ ግልገል ይወስድ ይሆናል፣ አልክድም። ዋናው ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። እረኞቻችን ደጋግመው ያዩትን፣ ተመራማሪዎችም እዚሁ ጓሳ ላይ ቁጭ ብለው ያጠኑትን ልንገራችሁ። ቀበሮው ሣር የሚነጭ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መሃል ይገባል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል። እናቶቹ ልጆቻቸውን እንዳቀፉ ሣራቸውን ይነጫሉ፣ ዞር ብለውም አያዩት። አይጧ ብቅ ስትል ላፍ ያደርጋታል። ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ነው የሚሳካለት። ጭላዳ መሃል ሲሆን ግን ከሦስቱ ሁለቱ ይሳካለታል። እሱም የጭላዳዎቹን ልጆች አይነካም። ባለቤት አልባ ውሻ ብቅ ያለ እንደሆነ ግን መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ይሮጣል። ጭላዳ ቀበሮንና ውሻን ለይቶ ያውቃል።

አሁን ወደ በሽታው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ፣ ዌብ ሸለቆ በሚባለው ቦታ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ገባ። ከአራት ቀበሮ ሦስቱ ያህል በወራት ውስጥ አለቁ። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዲሁ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ተመልሷል። ምንጩ ውሻ ነው። ቀበሮ አይጡን ለየብቻው ያድናል እንጂ የሚኖረው በቤተሰብ ነው። ጠዋት ሲገናኙ ይላላሳሉ። የምትወልደው አንዲቷ እናት ናት፣ የቀሩት ደግሞ ለቡችሎቿ ምግብ ያመላልሳሉ። በሽታው የሚተላለፈው በምራቅ ነው። አንዱ ከታመመ ቤተሰቡ በሙሉ አደጋ ላይ ነው። እነዚያ ቡችሎች ደግሞ የሚወለዱት ከፊታችን ባሉት ወራት ነው፣ ከጥቅምት ጀምሮ።

ባሌ ላይ ቀበሮውን ራሱን መከተብ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ማታ ማታ በየሸለቆው ይጣልለታል። ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን ውሻው ሳይከተብ ቀበሮውን ብቻ መከተብ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደመጥረግ ነው። ከአሥር ውሾች ሰባቱ በየዓመቱ ከተከተቡ በሽታው የሚዛመትበት ያጣል። ሰባት ከአሥር፣ ይህን ያዙልኝ።

ነገሩ የቀበሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ከሚነከሱት ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ። ከዚያ ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ እኔም አማኝ ነኝ። ክትባቱን ግን ሳይወስድ አይሂድ። «ትንሽ ጭረት ናት» ብላችሁ ልጅ እቤት አታስቀምጡ፣ በእናታችሁ!

ከእናንተ የምለምነው ይህን ነው። ወደ ጓሳ ስትወጡ ውሻችሁን ቤት ተዉት። የሞተ ከብት ሜዳ ላይ አትጣሉ፣ ቅበሩት። ውሻም ቀበሮም የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው። ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ ያገኘውን የሚነክስ ውሻ ወይም ቀበሮ ካያችሁ አትጠጉት። በዚያው ቀን ለቀበሌ ወይም ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። የዘገየ ወሬ አይጠቅመንም።

ልጆች፣ ውሾቹን አራርቃችሁ በገመድ ያዙ፣ እንዳይናከሱ። ተራ በተራ እንጠራችኋለን። ለተከተበው ሁሉ ካርድ እንሰጣለን፣ ካርዱን እቤት አስቀምጡት። ዛሬ ውሻውን ያላመጣ ነገ ጠዋት ይዞ ይምጣ፣ ነገም እዚሁ ነን። በሉ፣ ከፊት ካሉት እንጀምር።