ቅጠሉ ቢጫ የሆነው ውሃ አንሶት ላይሆን ይችላል

[ምስል፦ ታቹ ላይ ነጭ ነገር የጋገረ ማንቆርቆሪያ]

ይህን ነጭ ቅርፊት ታውቁታላችሁ፤ ውሃ በፈላ ቁጥር ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነው። አበባችሁ አፈር ላይም ይኸው ነገር እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። እዚያ ቀስ ስለሚል ልብ አንለውም።

ውሃ በኖራ ድንጋይ መሃል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም እያሟሟ ይወስዳል። እነዚህ ሲበዙበት ጠንካራ ውሃ ይባላል። ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ይላል። በካልሲየም ካርቦኔት ሲለካ፣ በሊትር ከ60 ሚሊግራም በታች ለስላሳ ነው፤ ከ180 በላይ ደግሞ በጣም ጠንካራ።

[ምስል፦ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ቢጫ የሆነ ለጋ ቅጠል]

ካልሲየምን ግን አትርገሙት፤ ለተክል ምግብ ነው። ጣጣ የሚያመጣው አብሮት ውሃው ውስጥ የሟሟው ባይካርቦኔት የሚባለው ነገር ነው። የአፈሩን ፒኤች እያደር ከፍ ያደርገዋል፤ ማለትም አሲድነቱን ይቀንሰዋል። ያኔ ብረት አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው ያቅተዋል። ድስቱ ሙሉ ነው፣ ክዳኑ ግን አልከፈት አለ። ምልክቱ ለጋዎቹ ቅጠሎች ላይ ይታያል፦ ቢጫ ይሆናሉ፣ ጅማታቸው ግን አረንጓዴ ነው። ቢጫ የሆኑት የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ከሆኑ ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

ጓሮ ውስጥ ያለ ተክል ብዙም አይጨነቅም። አፈሩ ጥልቅ ነው፣ ዝናብም ያጥበዋል። ጠባብ ዕቃ ውስጥ ያለው ግን ማምለጫ የለውም፤ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ብዙዎቹ የቤት ውስጥ ተክሎች ይችሉታል። አሲዳማ አፈር የሚወዱት እንደ አዛሊያ፣ ጋርዴኒያና ብሉቤሪ ያሉት ቶሎ ይጎዳሉ። ነፍሳት የሚበሉትን ተክሎችማ የዝናብ ወይም በእንፋሎት የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ብቻ አጠጧቸው።

[ምስል፦ በባልዲ ያደረ ውሃ]

ውሃውን በባልዲ ማሳደርስ? እኔም ለዓመታት አሳድሬያለሁ። ክሎሪኑ ሊወጣ ይችላል፤ ካልሲየሙ ግን ንቅንቅ አይልም። ማፍላት ይሻላል። ባይካርቦኔቱ ከካልሲየሙ ጋር ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ሲቀዘቅዝ ከላይ ከላዩ ቅዱ። ሁሉንም ጥንካሬ ግን አያወጣም። በጨው የሚሠራ የውሃ ማለስለሻ ካላችሁ ከእሱ የወጣውን አታጠጡ፤ ካልሲየሙን በሶዲየም ነው የሚለውጠው፣ ያ ደግሞ ለተክል የባሰ ነው።

ዝናብ ስታገኙ አጠራቅሙና ከቧንቧው ጋር ቀላቅሉት። አልፎ አልፎም ከታች እስኪፈስ ድረስ በደንብ አጠጡና የተጠራቀመው ይታጠብ። የወረደውን ውሃ ከዕቃው ሥር አትተዉት፣ ድፉት። አፈሩ ላይ የጋገረውን ነጭ ቅርፊት ደግሞ በማንኪያ ገፍፋችሁ ጣሉና አዲስ አፈር መልሱበት።