የተርኪ ቅበላ

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ሐሙስ ደግሞ ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል ነው። የእነሱ በዓል በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ይውላል፣ የእኛ ጾም ህዳር 15 ይያዛል። ስለዚህ በአብዛኛው ዓመት ተርኪዋ፣ ያቺ በበዓሉ የምትበላው ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ፣ የምትደርሰው እኛ ጾም ከያዝን በኋላ ነው። ኮሚቴው ይህን አይቶ እራታችንን ለዛሬ ማድረጉ ደስ ብሎኛል። እንግዲህ ይሄ የተርኪ ቅበላ ነው።

ስለ ተርኪ ታሪክ ንገሩን ስባል ወዲያው እሺ አልኩ። ባለፈው ዓመት ልጄ የወረቀት ላባ የተለጠፈበት ቆብ አድርጋ ከትምህርት ቤት መጣች። «በታንክስጊቪንግ ተርኪ የሚበላው ለምንድን ነው?» አለችኝ። «ፒልግሪሞቹ ስለበሉ ነዋ» ብዬ መለስኩላት፣ ያኔ ከእንግሊዝ መጥተው እዚህ የሰፈሩትን ማለቴ ነው። በኋላ ማንበብ ስጀምር መልሴ ልክ እንዳልነበረ ገባኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ያኔ ልነግራት ይገባኝ የነበረውን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከወፏ ልጀምር። ተርኪ አገሯ አሜሪካ ነው። ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የዛሬዋ ሜክሲኮ ሰዎች አላመዷት። ስፔኖች በ1500ዎቹ መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ወሰዷት። ታዲያ ስሟ ከቱርክ ጋር ምን አገናኘው? እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛው ሰፈር ይመጣል። እንግሊዞች ከዚያ በፊት በቱርክ ነጋዴዎች እጅ የሚመጣላቸው ሌላ ወፍ ነበር። «የቱርክ ዶሮ» ይሉት ነበር። ያ ወፍ የአፍሪካው ጅግራ ነው። አዎ፣ ያ ነጠብጣብ ላባ ያለው፣ በየቆላው የምናውቀው ጅግራ። አዲሷ ወፍ ስትመጣ ከጅግራው ጋር ተምታታችባቸው፣ ስሙም ለእሷ ቀረ። ቱርኮቹ ራሳቸው ግን «ሂንዲ» ይሏታል፣ የህንድ ማለታቸው ነው። ፖርቱጋሎች «ፔሩ» ይሏታል። ግብፆች ደግሞ «ዲክ ሩሚ»፣ የሮም አውራ ዶሮ። ሁሉም የሌላ አገር ሰው ያደርጋታል። «ከየት ነሽ?» እየተባለ በየቀኑ የሚጠየቅ ሰው ይህን ሲሰማ ለወፏ ያዝንላታል።

አሁን ወደ 1621 ልሂድ። ፒልግሪሞቹን ባመጣችው፣ ሜይፍላወር በምትባለው መርከብ 102 መንገደኞች መጥተው ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ግማሽ ያህሉ አለቁ። ለተረፉት የአገሩ ባለቤቶች በቆሎ እንዴት እንደሚዘራ አሳዩአቸው። አዝመራው ሲገባ ድግስ ሆነ። ስለዚያ ድግስ በጊዜው ከተጻፈው ዋናው ከሰፋሪዎቹ አንዱ የነበረው የኤድዋርድ ዊንስሎ ደብዳቤ ነው፣ እሱም አጭር ነው። ገዢው አራት ሰዎች ወፍ አደን ላከ ይላል። አንድ ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ የሚበቃ ወፍ ይዘው ተመለሱ። የአገሩ ባለቤቶች የዋምፓኖአጎች መሪ ማሳሶይት 90 ያህል ሰዎች አስከትሎ መጣ። ሦስት ቀን አብረው በሉ። ሰዎቹም ወጥተው አምስት አጋዘን ገድለው አመጡ። በቃ፣ ይኸው ነው። ተርኪ የሚል ቃል የለበትም። ገዢው ዊሊያም ብራድፎርድ በዚያ ወቅት የዱር ተርኪ በብዛት እንደነበረ ጽፏል፣ ስለዚህ በልተው ይሆናል። በስም የተጠራው ሥጋ ግን አጋዘኑ ነው፣ ያመጡትም ዋምፓኖአጎቹ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ለልጆቻችን እንንገራቸው። በ1675፣ በማሳሶይት ልጅ ዘመን፣ ከሰፋሪዎቹ ጋር ጦርነት ተነሣ። ብዙ ዋምፓኖአጎች አለቁ። ከተማረኩት ውስጥ ለባርነት ተሸጠው በመርከብ የተወሰዱ አሉ። ከ1970 ጀምሮ የአገሬው ተወላጆች በታንክስጊቪንግ ዕለት ፒልግሪሞቹ በሰፈሩበት በፕሊማውዝ ተሰብስበው የሐዘን ቀን ያደርጉታል። ልጄ ቆቡን ስታደርግ ይህንንም እያወቀች ብታደርገው ደስ ይለኛል።

ታዲያ ተርኪ ገበታው ላይ ማን አወጣት? እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ክፍል ነው። ሣራ ጆሴፋ ሄል የምትባል ሴት ነበረች። በ1788 ኒው ሃምፕሸር ተወለደች። በ1822 ባሏ ሞቶ አምስት ልጆች ይዛ ቀረች። ልጆቿን ለማሳደግ ብዕር ያዘች። በ1827 ያሳተመችው ልብወለድ ውስጥ ስለ ታንክስጊቪንግ እራት የሚተርክ ምዕራፍ አለ። በገበታው ራስ ላይ የተቀመጠችው የተጠበሰች ተርኪ ናት። ይህ በአገሩ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኒው ኢንግላንድ ቤቶች ያለ ልማድ ነበር። ግን ቀኑ ከግዛት ግዛት ይለያያል፣ በደቡብ በኩል በዓሉን ከነጭራሹ የማያከብሩ ብዙ ነበሩ። ሄል በኋላ የአንድ ትልቅ የሴቶች መጽሔት አዘጋጅ ሆነች። ከ1846 ጀምሮ አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ያክብረው ብላ ተነሣች። በመጽሔቷ ጻፈች። ለየግዛቱ ገዢዎች ደብዳቤ ላከች። ለፕሬዝዳንቶች ላከች። አንዱ ሲወርድ ለሚቀጥለው ትጽፋለች። መጽሔቷ የበዓሉን ምግብ አሠራር ጭምር ያወጣ ነበር፣ ስለዚህ ተርኪዋም ከበዓሉ ጋር አብራ በየቤቱ ገባች።

17 ዓመት እንዲህ አለፈ። በሴፕቴምበር 28 ቀን 1863፣ በ74 ዓመቷ፣ ለፕሬዝዳንት ሊንከን ጻፈች። አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት እየነደደ ነው። አምስት ቀን ቆይቶ፣ ኦክቶበር 3፣ ሊንከን የኖቬምበር የመጨረሻ ሐሙስ የምስጋና ቀን እንዲሆን አወጁ። ይህን ሳነብ እዚህ የተቀመጡትን የእድራችንን እናቶች አሰብኩ። አንድ ነገር ይሁን ካሉ እስኪሆን ድረስ ስልክ የማይዘጉትን። ቀኑ በሕግ አራተኛው ሐሙስ ተብሎ የተወሰነው በ1941 ነው።

ለምን ተርኪ፣ ለምን በግ አልሆነም? የገበሬው ሒሳብ ነው። ላም ትታለባለች፣ ዶሮ ትጥላለች። ተርኪ ግን የምትያዘው ለሥጋዋ ነው። ብርዱ ሲያልፍ ትፈለፈላለች፣ የወደቀ እህልና ነፍሳት እየለቀመች ትከርማለች፣ አዝመራ ሲሰበሰብ ሰብታ ትገኛለች። አንዷ ቤተሰብ ታጠግባለች። የዛሬዋ ግን ሌላ ናት። ደረቷ እንዲገዝፍ እየተመረጠች ስለተዳቀለች አውራውና ሴቷ በራሳቸው መራባት አይችሉም፣ በሰው እጅ ነው የሚዳቀሉት። ነጭ የሆነችውም ላባው ሲነቀል ቆዳው ላይ ጥቁር ምልክት እንዳይቀር ተብሎ ነው። ይህን ሳውቅ ልቤ ከፍቶታል። አቅሙ ያለው ሰው በሜዳ ከሚያረቡ ገበሬዎች ቢገዛ እመርጣለሁ።

ባለፈው ዓመት ለቅበላው 16 ፓውንድ የምትመዝን ተርኪ ገዛሁ። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ተርኪዋን ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ አስገብታ በሎሚና በጨው ታሻት ጀመር። ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግማ አጠበቻት። ከዚያ ቢላዋ ይዛ 12 ብልት ልታወጣ ተነሣች። ፈረሰኛው ብቻ አንድ ዶሮ ያህላል። እግሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። የተርኪ እግር ጅማቱ እንደ ሽቦ ነው። ከመሣሪያ ሳጥኑ ፒንሳ አምጡልኝ አለች። በፈላ ውኃ አጥባው ጅማቱን አንድ በአንድ እየሳበች አወጣችው። «ይቺማ በግ ናት» አለች። ደረቱን ኦቨን ውስጥ ከተትነው። እግርና ክንፉን ለወጥ አደረገችው። ሽንኩርቱ በቀስታ ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲገባ፣ ቤቱ ሁሉ የበዓል ሽታ ሸተተ።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በርበሬም እኮ አገሩ አሜሪካ ነው! እንደ ተርኪዋ ሁሉ ሜክሲኮ ነው የተላመደው። ባሕር ተሻግሮ እኛ ጋ ደርሶ፣ የእኛ ሆኖ፣ አያቶቻችን ደልዘው ፈጭተውት፣ በእናቴ ሻንጣ ተመልሶ መጣ። ሁለቱ የአንድ አገር ልጆች ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ድስት ተገናኙ። ለልጄ ድስቱን እያሳየሁ ይህን ነገርኳት። ያኛውን መልሴን ያረምኩት እዚያ ምድጃ ሥር ነው።

እንግዲህ ብዙ አላቆያችሁ። የእማዬ ወጥ በስተቀኝ ባለው ትልቁ ድስት ውስጥ ነው። ሐላሉ ለብቻው፣ በሰማያዊው ድስት ነው። ሐሙስ ተርኪ የምታበስሉ ካላችሁ፣ 16 ፓውንድ የምታህለው ፍሪጅ ውስጥ እስክትቀልጥ አራት ቀን ትፈልጋለች፣ ነገ እሑድ ከፍሪዘር አውጧት። እኛ ቤት ሐሙስ ዱባ ወጥ ነው፣ መምጣት የምትፈልጉ በራችን ክፍት ነው። አባታችን፣ እባክዎ ማዕዱን ይባርኩልን።