ፋጉሎው ውስጥ ያለው ዘይት

የተከበራችሁ የዓሣ አርቢዎች ማኅበራችን አባላት፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

ዘንድሮ ስልኬ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ የምሰማው አንድ ጥያቄ ነበር። «ጋሼ፣ መኖ እየሰጠሁት ዓሣዬ ለምን አያድግም?» ብዙዎቻችን ወዲያው ፕሮቲኑን እንጠረጥራለን። ዛሬ ስለ ስቡ ላውራችሁ።

ዓሣ ለመዋኘትም ለመተንፈስም ጉልበት ይፈልጋል። መኖው ውስጥ ስብ ሲያንስ ሥጋ ሊሠራበት የሚገባውን ፕሮቲን ያቃጥለዋል። ያ ውድ ፕሮቲን አሞኒያ ሆኖ በስንጥቡ፣ ማለትም በውኃ ውስጥ በሚተነፍስበት አካሉ፣ በኩል ወደ ኩሬው ይወጣል። ገንዘባችንም አብሮት። ስቡ ከበዛ ደግሞ በቂ ፕሮቲን ሳያገኝ ይጠግባል፤ ትርፉ ሆዱ ውስጥ ይከማቻል። ለምናረባው ዓሣ፣ ለቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ መኖው ውስጥ ከ5 እስከ 12 በመቶ ስብ ይበቃዋል።

ስብ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። እነ ቬትናምና ኢኳዶር የሚያረቡት ሽሪምፕ፣ ያ ባለቅርፊት ትንሽ የውኃ እንስሳ፣ ኮሌስትሮል የሚባለውን የስብ ዓይነት በራሱ መሥራት አይችልም። ቅርፊቱን እንዲቀይር የሚያዘው ሆርሞን የሚሠራው ደግሞ ከኮሌስትሮል ነው። ቅርፊቱን ካልቀየረ አያድግም። ስለዚህ ከመኖው ማግኘት አለበት። የእኛ ቆሮሶ እዚህ ላይ አያስቸግርም። እሱ በዋናነት የሚፈልገው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለውን የስብ ዓይነት ነው። የኑግ ዘይት ደግሞ ከግማሽ በላይ ይኸው ነው! የዓሣ ዘይት ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። መጭመቂያው በር ላይ የተከመረው ፋጉሎ፣ ኑጉ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው፣ ውስጥ አለልን።

ፋጉሎ ስላችሁ ግን ከየትም ይሁን ማለቴ አይደለም። ትንንሾቹ መጭመቂያዎች ዘይቱን አሟጠው አያወጡትም። በኬሚካል የሚያወጡት ትልልቅ ፋብሪካዎች የሚያስቀሩት በጣም ትንሽ ነው። ከየት እንደገዛችሁት ካላወቃችሁ የመኖአችሁን ስብ አታውቁትም።

ሌላው መቆየት ነው። ይህ ዘይት ሙቀትና አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። አንድ ዓመት ረከሰ ብዬ ብዙ ፋጉሎ ገዛሁና ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከመርኩት። ከወራት በኋላ ጆንያውን ስፈታ የከረመ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። እያወቅሁ ለዓሦቼ ሰጠኋቸው። ቀመስ አድርገው ተመለሱ። የበሉትም አላደጉልኝም። የተበላሸ ዘይት መኖው ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኢ ጭምር ያጠፋል። በዚያ ጥፋቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ቦርዱ አንድ ሐሳብ አቅርቧል። ፋጉሎውን በየሁለት ሳምንቱ በጋራ፣ ትኩሱን፣ ከትንንሽ መጭመቂያዎች እንግዛ። እያንዳንዱ ጆንያ ላይ የተጨመቀበት ቀን ይጻፍበት። ማከማቻው ጥላ ያለውና ነፋሻማ ይሁን፤ ጆንያውም መሬት አይንካ፣ ርጥበት ሻጋታ ያመጣልና። ከምሳ በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን። የምትቃወሙ ካላችሁ ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ በደንብ መስማት እፈልጋለሁ።

ጉባኤው ተከፍቷል። የሒሳብ ሪፖርቱ ይቀጥላል።