ከእርግዝና ክትትል እስከ ስምንተኛው ቀን

የተከበራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የእድር ዳኞች፣ የሃይማኖት አባቶችና እናቶች፣

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶዎቹ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 62 በመቶዎቹ መገረዛቸውን አሳይቷል። በዚያው ጥናት 79 በመቶ የሚሆኑ ሴቶች ግርዛት ይቅር ብለዋል። ታዲያ ለምን አልቀረም?

ልጃገረድ ለሰርግ ስትዘጋጅ የምትገረዝበት አገር አለ። እዚያ ልጅቷ ለመምህሯ ትናገራለች፤ ሲብስም ታመልጣለች። እኛ ሰሜን ሸዋ ግን ብዙውን ጊዜ የምትገረዘው አራስ ሳለች ነው፤ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን፣ ቢዘገይም ከ80 ቀን ክርስትናዋ በፊት። የትምህርት ቤት ክበብ የሚደርስላት ከተገረዘች ከዓመታት በኋላ ነው። በ45 ቀን ለክትባት ስትመጣ እንኳ ቁስሉ ድኗል።

የምትወስነውም ብዙ ጊዜ እናትየው አይደለችም። የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ እናቷ ቤት ገብታ ትታረሳለች፤ ገራዧን የምታስጠራው አያት ናት። አያትየዋ ጨክና አይደለም። ያልተገረዘች ልጅ ቀበጥና ዕቃ ሰባሪ ትሆናለች፣ ባል ታጣለች፣ ምጥ ይጠናባታል ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። የምጡ ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ6 የአፍሪካ አገሮች 28 ሺህ በሚያህሉ ወላዶች ላይ ያደረገው ጥናት፣ ግርዛቱ በከፋ ቁጥር የደም መፍሰሱም የሕፃናት ሞቱም እንደሚጨምር አሳይቷል።

«ጫፏን ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። ሦስት ኪሎ የምትመዝን አራስ ጠቅላላ ደሟ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አራት የቡና ስኒ ያህል ነው። አንድ ስኒ ፈሰሰ ማለት ሩቡ አለቀ ማለት ነው፤ ጨርቅ ላይ ሲታይ ግን ትንሽ ይመስላል። ባልጸዳ ምላጭ የመጣው መንጋጋ ቆልፍ ደግሞ ከቀናት በኋላ ጡት መሳብ ሲያቅታት ነው የሚታወቀው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ገራዡን ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ይቀጣል። ሕጉ ያስፈልጋል። ነገር ግን አራስ አትመሰክርም፣ ጎረቤትም ጎረቤቱን አይከስም። ሕጉ ብቻውን ሲቀር ድርጊቱን ወደ ጓዳ ይገፋዋል።

ስለዚህ ሥራው በእርግዝና ክትትል ይጀመር። ነፍሰ ጡሯን «የት ነው የምትታረሺው?» ብላችሁ ጠይቁና ካርዷ ላይ ጻፉት። ሌላ ቀበሌ ከሆነ ለዚያ ቀበሌ ባልደረባችሁ ቀድማችሁ ደውሉ። በ3ኛው ቀን ጉብኝት አያትየዋን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አነጋግሩ፤ የ7ኛው ቀን ጉብኝት ከተገረዘች በኋላ ሊሆን ይችላል። የንስሐ አባቶች ደግሞ ጠበል ልትረጩ አራስ ቤት ትገባላችሁ። በዘፍጥረት ምዕራፍ 17 የታዘዘው ግዝረት ለወንድ መሆኑን ያን ዕለት፣ እዚያው ቤት ንገሩልን። ቆላ ላሉ ሙስሊም ቤተሰቦችም የሴት ልጅ ግርዛት ቁርኣን ውስጥ እንደሌለ ሼሆቻችን ያስረዱልን።

ተገርዛ ከተገኘችና ከደማች ቅቤም አመድም አይነካት። ቦታውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ እንደያዛችሁ፣ ጡት እየጠባች ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ጤና ጣቢያ ያላችሁም ማን እንዳደረገው ከመጠየቃችሁ በፊት ደሙን አቁሙ፤ ቤተሰቡ ክስ ፈርቶ ሕፃኗን ቤት ካስቀረ ልናተርፋት አንችልም።