«በቧንቧው በኩል ይሰሙኛል»፦ የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያ መልስ

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የደወለች አድማጭ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ያልሆነውን ሆኗል ብሎ የሚያሳምን የአእምሮ ሕመም) ነው ተብሎ መድኃኒት ጀምሯል። ሰሞኑን ግን «ላይኛው ፎቅ ያሉት በውኃ ቧንቧው ያዳምጡኛል፣ ሊመርዙኝ ነው» እያለ እንቅልፍ አጥቷል። ብንምል ብንገዘት አይሰማንም።

መልስ፦ እህቴ፣ መሐላውን ተዉት። እንዲህ ያለው እምነት በማስረጃ አልመጣም፣ በማስረጃም አይሄድም። ጎረቤቶቹን ጠርታችሁ ብታስምሉለት «ተማክረው ነው» ይላል፤ እናንተም ከእነሱ ወገን ትቆጠራላችሁ። «አዎ፣ ይሰሙሃል» ማለትም ፍርሃቱን ያጸናበታል። ቧንቧው ባይሰማም ልጁ የእውነት ፈርቷል፤ ልቡ ይመታል፣ እጁን ያልበዋል፣ እህል አይወርድለትም። ስለዚህ ቧንቧውን ትተሽ ስለ እሱ ጠይቂው፦ «እኔ ምንም አልሰማሁም፤ አንተ ግን በጣም ፈርተሃል። አጠገብህ ልቀመጥ?» ምግቡን ከጠረጠረ ከአንድ ትሪ አብራችሁ ብሉ፤ እንጀራውንም ከመሶቡ ራሱ ያውጣ። በር ዘግታችሁ አትንሾካሾኩ፤ ሁሉም ስለ እሱ ይመስለዋል። ጫት የሚቅም ከሆነ ያባብስበታል። እንቅልፍ ማጣቱ ብዙ ጊዜ የማገርሸት ምልክት ስለሆነ ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቁ። «ሳይቀድሙኝ ልቅደማቸው» ወይም «ልሙት» ካለ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ከለገጣፎ በጽሑፍ የደረሰን፦ ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ፤ ታክሲ ውስጥ እንኳ እግሬ አያርፍም። ጭንቀቴ ባሰብኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መድኃኒቱ ሳይሆን አይቀርም። አካቲዝያ የሚባል፣ ሰውን አላስቀምጥ የሚል የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት አለ። ታማሚው ሲንቆራጠጥ ቤተሰብ «ባሰበት» ይላል፤ አንዳንዴ ባለሙያም ጭንቀት መስሎት መጠኑን ይጨምርና ጭራሽ ይብሳል። ስንቱ ሰው ክኒኑን በድብቅ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው፤ መፍትሔ ያለው ነገር ስለሆነ በጣም ያሳዝነኛል። በራስህ አታቋርጥ። ለሐኪምህ «ስቀመጥ እግሬ ያስነሳኛል» ብለህ በግልጽ ንገረው፤ መጠኑን ሊቀንስ፣ መድኃኒቱን ሊቀይር ወይም መንቆራጠጡን የሚያስታግስ ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት ሊጨምርልህ ይችላል።

ከቡራዩ የደወሉ እናት፦ ልጄን እንጦጦ ማርያም ጠበል ልወስዳት ነው፤ መድኃኒቱን ላስቁማት?

መልስ፦ አያስቁሟት እናቴ። ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ። የምትጾም ከሆነ የምትውጥበትን ሰዓት ከሐኪሟ ጋር አስተካክሉ፤ ሌሊት በቂ እንቅልፍ ታግኝ። በሰንሰለት እንዳትታሰር ግን አደራ።